ከአየር የተሠራ ታንኳ

የደንገል ታንኳ ጣና ላይ ለምን እንደሚንሳፈፍ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ደንገል ቀላል ስለሆነ ነዋ» ብሎ ያልፋል። መልሱ ስሕተት ባይሆንም የሚያስረዳው ነገር የለም። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ታንኳ ከነቀዛፊው ቢመዘን አንድ ሰው የማያነሣው ሸክም ነው፤ ሆኖም አይሰምጥም። ከሐይቁ ዳር የተነሣች ጭብጥ የምታህል ጥቁር ድንጋይ ግን ውሃው ላይ ስትጣል ወዲያው ትጠልቃለች። የሚለያያቸው እፍግታ ነው፤ ማለትም አንድ ነገር በያዘው ቦታ ውስጥ ምን ያህል ቁስ እንደታጨቀበት። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውሃ 1 ግራም ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል ጥቁር ድንጋይ ወደ 3 ግራም ይጠጋል። ታዲያ ደንገሉስ? የዘንጉ ግድግዳ የተሠራበት ሴሉሎስ የሚባለው ጠጣር ለብቻው ሲለካ 1.5 ግራም ያህል ነው፤ ከውሃ ይከብዳል። ደንገል እስከ ውስጡ ድፍን ቢሆን ኖሮ ታንኳው ድንጋዩን ተከትሎ ይወርድ ነበር። ሰውንም ማገዶንም ተሸክሞ የሚሄደው እንግዲህ ተክሉ በውስጡ አፍኖ የያዘው አየር ነው።

ይህ አንድ የደንገል ዘንግ ቆርጦ ላየ ሰው ግልጽ ነው። ዘንጉ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ላዩ አረንጓዴና ጠንካራ፣ ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ ልል። ነጩን ክፍል ውሃ ውስጥ ነክሮ በጣት ለጨመቀው አረፋ ይወጣል። ተክሉ ይህን አየር ያኖረው ለታንኳ ሠሪ ብሎ አይደለም። ሥሩ ያለበት ጭቃ ኦክስጅን የለውም ለማለት ይቻላል፤ ሥሩ እንዳይታፈን አየር ከላይ ወደ ታች የሚወርድለት በዘንጉ በኩል ነው። በታንኳ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገሉን አጭደው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። በዘንጉ ውስጥ የነበረው ውሃ ተንኖ ሲሄድ ቦታውን አየር ይይዛል፤ ከዚያ ዘንጎቹ በነዶ በነዶ እየታሰሩ ታንኳ ይሆናሉ። ተማሪ ከመጽሐፍ ለየብቻ የሚያጠናቸው ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ እዚህ በአንድ ዘንግ ውስጥ ቦታ ይሻማሉ። የብረት ጀልባም ቢሆን የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ ብረት ከውሃ 8 እጥፍ ገደማ ይከብዳልና። ግን አየሩ ሁሉ ያለው በአንድ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ለመስመጥ አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል። የታንኳው አየር እልፍ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ተበታትኗል፤ በነዶዎቹ መካከል ውሃ እየገባ እንኳ መንገዱን አያቋርጥም። እንዲህ ያለውን ነገር «ኋላ ቀር» ብሎ መጥራት ችኮላ ይመስለኛል።

«እንዲህ ከሆነ ለምን ብዙ ሳይቆይ ይከብድና ይበሰብሳል?» ብሎ የሚሞግት ይኖራል። ጥያቄው ሐሳቡን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጠቅላላ ይዘቱ 500 ሊትር የሆነ፣ ሲደርቅ 100 ኪሎ የሚመዝን ታንኳ አለ እንበል። እስከ አፉ ቢጠልቅ 500 ኪሎ ውሃ ስለሚገፋ 400 ኪሎ ጭነት ይችላል። ቀዳዳዎቹ 200 ሊትር ውሃ ሲጠጡ ግን የሚችለው 200 ኪሎ ብቻ ነው። ደንገሉ ያው ደንገል ነው፤ የጎደለው አየሩ ነው። ታንኳ ከሥራ በኋላ ወደ ደረቅ ምድር ተጎትቶ ፀሐይ እንዲመታው የሚደረገው ለዚህ ነው። የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ወደ አትላንቲክ ሲወጣ፣ ደንገሉ ብዙም ሳይቆይ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ጀልባዋ እንዳሉት ፈጥና ባትሰምጥም ካሰበችው ሳትደርስ ተጎድታ ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሁለተኛዋ የደንገል ጀልባ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

አየሩ በዚህ አያበቃም። የዘንጉ ጠጣር ክፍል ራሱ ከየት መጣ? ከጭቃው የሚል መልስ ይቀናል፤ የቤልጅጉ ተመራማሪ ቫን ሄልሞንት ግን ይህን በሚዛን ፈትኖታል። አኻያ ዛፍ በገንዳ ተክሎ 5 ዓመት ውሃ ብቻ ሲያጠጣው ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ሲጨምር አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ሄልሞንት ሁሉንም ለውሃው ሰጠ፤ አየሩን ሳይቆጥር ቀረ። ዛሬ እንደሚታወቀው ተክል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውሃን አዋሕዶ ስኳር ይሠራል፤ ይህ ነው ፎቶሲንተሲስ ወይም ብርሃን አስተፃምሮ የሚባለው። ለመተንፈስ የሚተርፈን ኦክስጅን ከውሃው የተለየ ሲሆን፣ በስኳሩ ውስጥ የሚቀሩት ካርቦንና ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የመጡ ናቸው። ሴሉሎስ የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ ከክብደቱ አብዛኛው ቀድሞ ጋዝ ነበር። ደንገል ሰፊ ቅጠል የለውም፤ ሥራውን የሚሠሩት አረንጓዴው ዘንግና አናቱ ላይ ያለው ጸጉር ናቸው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ ደለል ይዘው ሲገቡ ውሃው ይደፈርስና ብርሃን ወደ ታች አያልፍም፤ ከውሃ በላይ ለሚቆመው ለደንገል ግን ይህ ችግር አይደለም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ። ተክል የሚገነባው ከአየር ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ከእርሻና ከከተማ በሚገባ ማዳበሪያና ፍሳሽ ለምን ይፋፋል? በክብደት ትንሽ መሆን በጥቅም ትንሽ መሆን አይደለም። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የተክሉን ክብደት ጥቂት ብቻ ቢይዙም ያለ እነሱ ህዋስ አይሠራም፤ ሐይቁ ውስጥ ሲበዙ እምቦጭ ከአየርና ከፀሐይ የሚያገኘውን ያለ ገደብ ይጠቀምበታል። የሚንሳፈፈውም በዚያው በደንገሉ ዘዴ ነው፤ ያበጠው የቅጠሉ እጀታ በአየር የተሞላ ነው። ዘንጉ አጭር ስለሆነ ታንኳ አይወጣውም። ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ጉልበት የሚጨርሰው ውሃው ነው፤ ከ100 ኪሎ እምቦጭ ከ90 ኪሎ በላይ የሚሆነው ውሃ ስለሆነ እርጥቡን ከማጓጓዝ ዳር ላይ ማስጣት ይሻላል። ክምሩ ግን ክረምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ ከሚደርስበት ራቅ ማለት አለበት፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያልና።