ስለ ቱርቦ ሞተር የዘይት ጉድለት፤ ለጭነት መኪና ባለንብረቶች

ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሰሃላና ወደ ተከዜ ቈላ የሚወርድ፥ ተመልሶም ሸክሙን ይዞ ዳገቱን የሚወጣ መኪና ሞተሩ እንደሚደክም ማንኛውም ነጋዴ ያውቃል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው ዳገቱ ካለቀ በኋላ፥ ሾፌሩ ሞተሩን ወዲያው ሲያጠፋው መሆኑ እምብዛም አይታወቅም።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህን ጉድለት የሚሞላው ቱርቦ ነው። የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. ፓተንት ባወጣለት ሐሳብ መሠረት፥ በአንድ ዘንግ ላይ ካሉት ሁለት መዘውሮች አንዱን የሞተሩ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሁለተኛው አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ሲሆን፥ ሙቀቱንም የሚያበርድለት ያው ዘይት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ሲጐድል ወይም ሲበላሽ ቀድሞ የሚጐዳው ቱርቦው ነው።

ሰማያዊ ጭስ በታየ ጊዜ «ቱርቦው ሞቷል» ተብሎ አዲስ ይገዛል። ምክንያቱ ሳይወገድ የተገጠመው አዲስ ቱርቦ ግን ሳይውል ሳያድር ይበላሻል፤ ባለንብረቱም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህ እንዳይሆን ምርመራው በተራ መካሄድ ይገባዋል።

አንደኛ፥ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፥ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ይታይ። ከጐደለ ፈስሷል ወይም ተቃጥሏል። ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ቀጥኖ ናፍጣ ከሸተተ ኖዝል ወይም ፓምፕ ይመርመር። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ስላለበት፥ ሞተሩ ከቶ እንዳይነሣ።

ሁለተኛ፥ ጭሱ ይታይ። ሰማያዊው የዘይት ምልክት ነው፤ ጥቁሩ የናፍጣ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ መግባቱን ወይም ናፍጣው በደንብ አለመቃጠሉን ያመለክታል።

ሦስተኛ፥ ቱርቦው ከመፈታቱ በፊት ሦስት ነገሮች ይፈተሹ። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ ከሆነ መሳቡ ስለሚበረታ ዘይት ወደ አየር መስመሩ ይወጣል። የዘይቱ መመለሻ ቱቦ ከታጠፈ ወይም በዝቃጭ ከተዘጋ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ በቱርቦው ማኅተም በኩል ይፈስሳል። የሞተሩ መተንፈሻ በኃይል የሚነፋ ከሆነ ደግሞ በሽታው የፒስተኑ ፋሻ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ደኅና ከሆኑ፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዘንጉ በጣት ይነቅነቅ። ጥቂት የጐን ልቅነት ተፈጥሮው ነው፤ መዘውሩ ከቤቱ ጋራ ከተፋተገ ግን ቱርቦው አብቅቶለታል።

አዲስ ሲገጠም ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ይለወጡ፤ የዘይት መስጫው ቱቦ ይጽዳ ወይም ይተካ። በአየር መስመሩ የተጠራቀመ ዘይትም ይወገድ፤ ካልተወገደ ሞተሩ ያን ዘይት እያቃጠለ፥ ቁልፉ ቢጠፋም እንኳ አልቆምም ብሎ ሊፈነዳ ይችላልና። ናፍጣው ተዘግቶ ሞተሩ በማስነሻው ብቻ እየዞረ፥ ዘይት ወደ ቱርቦው እስኪደርስ ድረስ አይነሣ።

ለሾፌሩ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው። ሲነሣ ዘይቱ እስኪዳረስ ያለ ነዳጅ ጫና ይታገሥ፤ ዳገት ወጥቶ ሲቆም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሞተሩን በዝግታ ያዙረው። ሙቀቱ ሳይበርድ ቢጠፋ በቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ይነድና ከሰል ሆኖ መስመሩን ይዘጋዋል። ባለንብረቱም ዘይት የተለወጠበትን ቀንና ኪሎሜትር በመዝገብ ይያዝ፤ አቧራ በበዛበት መንገድ ጊዜውን ያሳጥር፤ ማኅተሙ ያልተከፈተ ዘይት ይግዛ። አንድ መኪና በጋራዥ በሚቆምበት ሳምንት የሚታጣው ገቢ ከዘይቱ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።