ራዲያተር ውሃ ሲያፈስ

ቤተሰብ የሚጓዝበት ላንድክሩዘር ሞተሩ ሲግል ብዙ ሰው ፈጥኖ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታል። ይህ አደገኛ ነው። በክዳኑ የታፈነው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ላይፈላ ይችላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ወዲያው ገንፍሎ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ስለዚህ ሞተሩን አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ግጠሙ፤ ሞተሩን አስነስታችሁ ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፉ። ጠብታው ከወደቀበት ወደ ላይ እርጥበቱን ተከትላችሁ ፈልጉ። የሚያፈሰው ከጎማው ቱቦ ጫፍ ከሆነ ሞተሩ ሲበርድ ማሰሪያውን አጥብቁ። ጫፉ ከተሰነጠቀና ቱቦው የሚተርፍ ከሆነ፣ የተሰነጠቀውን ቆርጣችሁ መልሳችሁ እሰሩት። ራዲያተሩን ወይም የውሃ ፓምፑን ግን መካኒክ ይየው።

ባለ ቀለሙ የራዲያተር ፈሳሽ ቢጣፍጥም መርዝ ነውና ሕፃናትና ከብቶች እንዳይቀምሱት ጠብቁ።