ሰባ፣ ሁለት መቶ፣ ሁለት ነጥብ ስምንት

በሩጫ መም ዳር ወይም ከጎል ጀርባ የሚቀመጡ ፎቶ አንሺዎችን ልብ ብሎ ያየ ሰው በብዙዎቹ እጅ አንድ ዓይነት ሌንስ ያገኛል። ርዝመቱ ስንዝር ያህል ነው፤ ወፍራም ነው፤ የካኖን ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ቀለም አለው። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይዘልቃል፤ ሩቁን ቢያቀርብም ቅርቡን ቢይዝም የብርሃን መግቢያው፣ ማለትም አፐርቸሩ፣ እስከ ኤፍ 2.8 ድረስ ይከፈታል።

ሌንስ ሊገዛ የተነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያቀርባል?» ብሎ ነው። ለሚሮጥ፣ ለሚዘልና ለሚጋልብ ነገር ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ያ 2.8 የሚለው ቁጥር ነው። 200ን ለ2.8 ብናካፍል 71 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስፋት ይህ ነው። የፊተኛው መስታወት ከዚያ ሊጠብ ስለማይችል ሌንሱ ይከብዳል፤ ይወደዳልም። በርካሽ ዙሞች ላይ የተለመደው ኤፍ 5.6 ቀዳዳውን በግማሽ ያጠበዋል፤ የሚገባው ብርሃንም ወደ ሩብ ይወርዳል።

በሜዳ ላይ ይህ ማለት ጊዜ ነው። 10 ሺህ ሜትርን በ27 ደቂቃ የሚጨርስ ሯጭ በሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ ይጓዛል። ርካሹ ሌንስ በ250ኛ ሰከንድ በሚያነሳበት ብርሃን ሯጩ ፎቶው እስኪነሳ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራመዳል፤ ፊቱ ይደበዝዛል። በዚያው ብርሃን ኤፍ 2.8 ያለው ሌንስ በ1000ኛ ሰከንድ ያነሳዋል፤ እንቅስቃሴው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ወደፊት የሚወረወረው እግር ከገላው ስለሚፈጥን ከዚህም አጭር ጊዜ ይሻል።

ጃንሜዳ ላይ የገና ጨዋታን ወይም የፈረስ ጉግስን እናስብ። እስከ 10 ሰዓት ድረስ ፀሐይዋ ስለምትበቃ ማንኛውም ሌንስ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ጨዋታው ሲግል ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ያማረ ቢሆንም ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ቶሎ ይሸሻል። በጠባብ ሌንስ የሚሠራ ሰው ያኔ አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም የካሜራውን የብርሃን ስሜት፣ ከፍ ለማድረግ ይገደድና ፎቶው በነጠብጣብ ይሞላል።

ሰፊ ቀዳዳ የራሱ ፈተና አለው። በ200 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 2.8፣ 10 ሜትር ላይ ያለን ነገር ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከጀርባ ያለው ግርግር ይደበዝዝና ፈረሰኛው ነጥሮ ይወጣል፤ ውበቱ እዚህ ነው። ነገር ግን በሰከንድ 12 ሜትር እየጋለበ ወደ ካሜራው የሚመጣ ፈረስ ያንን ጥልቀት በ30ኛ ሰከንድ ያልፈዋል። ስለዚህ የፎከሱ ሞተር ፍጥነት ከመስታወቱ ጥራት ባልተናነሰ መፈተን አለበት።

ብዙ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት የንዝረት መከላከያ ግን የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ ፈረሱን አይደለም። ካኖን በ1995 ያወጣው 70-200 ይህ መከላከያ አልነበረውም፤ የተጨመረለት በ2001 ነው። ለስፖርት ብቻ ለሚፈልገው ሰው ያ አሮጌ ሌንስ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ሠርግም ጨለማ አዳራሽም የሚያነሳ ከሆነ መከላከያው ዋጋውን ያወጣል።

ክብደቱንም ማሰብ ነው። የሶኒ የ2016 ሞዴል 1,480 ግራም ሲሆን የ2021 ተተኪው 1,045 ግራም ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሸከም ትከሻ ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ አዲሱን ለመግዛት አቅም ለሌለው ግን ሞኖፖድ፣ ማለትም ባለ አንድ እግር መቆሚያ፣ ልዩነቱን ያቃልላል።

200 ለእግር ኳስ ይበቃል? ሙሉ ፍሬም ባለው ካሜራ 30 ሜትር ላይ የሚያሳየው ስፋት 5.4 ሜትር ነው፤ በቅርበት ያለውን ፍልሚያ በደንብ ይይዛል፤ የማዶውን ጎል ግን አይደርስበትም። አነስ ያለ ሴንሰር ባለው ካሜራ 300 ያህል ስለሚሆን ለጀማሪ ይህ ጥምረት ይሻላል ባይ ነኝ።

ያገለገለ ሲገዛ በስልክ መብራት ውስጡን አይቶ ሻጋታ አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያም በ200ና በ2.8 አድርጎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ማንሳት ነው። ግራና ቀኙ እኩል ካልጠራ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የራሱ ሞተር የሌለው አሮጌ የኒኮን ሌንስ ደግሞ በኤፍ ቲ ዜድ አዳፕተር መስታወት አልባ ካሜራ ላይ ሲገጠም በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ለፈረስና ለሯጭ አይገዛም።