ብረቱ ከባሕር ማዶ፣ ሰደፉ ከአገር፦ የአሮጌ ጠመንጃ ሰደፍ መተካትና የታሪክ ምስክርነቱ



አሮጌ ጠመንጃ ስናይ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በብረቱ ላይ ነው፤ የፋብሪካውን ስም፣ ዓመቱንና ቁጥሩን እናነብባለን። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሰደፉ ነው።

በአገራችን የሚገኙት አሮጌ ጠመንጃዎች በአብዛኛው የውጭ ሥራ ናቸው። ሬሚንግተን በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች (እ.ኤ.አ. 1875 እና 1876) ከግብፅ ሠራዊት ተማረከ፤ ውጅግራ ስሙን «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ወረሰ፤ ሊ ኢንፊልድ እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተስፋፋ። ብረት ዘመናትን ይሻገራል፤ እንጨት ግን ይሰነጠቃል፣ ይነቅዛል። ያን ጊዜ መሣሪያውን ከመጣል ያዳነው የአገሬው አናጢ ነው። ስለሆነም በአርብ ገበያ፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ከአባት ለልጅ በተላለፈ ጠመንጃ ላይ የአገር እጅ ያረፈበት ዋናው ክፍል ሰደፉ ሊሆን ይችላል።

ሰደፍ ዘወትር የሚሰበረው በአንገቱ ላይ ነው። አንገቱ ቀጭን ነው፤ ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይልም የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው። እንደ ውጅግራ እንጨቱ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ወጥ ከሆነ ስብራቱ መላውን እንጨት ይነካል። በሬሚንግተንና በሊ ኢንፊልድ ግን ሰደፉ ከፊቱ እንጨት የተለየ ስለሆነ ለብቻው ይተካል።

የሥራው የመጀመሪያ ደንብ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ሁለተኛው የአፈታት ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው። በአሮጌው ሊ ኢንፊልድ ሰደፉን የሚይዘው በውስጡ የሚያልፍ ረጅም ብሎን ነው። የብሎኑ ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ በፊተኛው እንጨት ውስጥ ባለ ብረት ይያዛል። ስለዚህ የፊቱን እንጨት ሳያወልቅ ብሎኑን የሚያዞር ሰው አንዱን ልጠግን ሲል ሌላውን ይሰነጥቃል። የዚህ ጠመንጃ ሰደፍ አጭር፣ መደበኛና ረጅም ተብሎ በልክ ይሠራ እንደነበረም ልብ በሉ፤ በአጭሩና በመደበኛው መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ኢንች፣ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ቀጥሎ የእንጨት ምርጫ ይመጣል። አውሮፓውያን ብዙውን ጊዜ ዋልነት ይጠቀሙ ነበር። በእኛ ዘንድ ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፣ ለመሮም ያስቸግራል፤ ዋንዛ ይቀላል፣ በቀላሉም ይቀረጻል። የትኛውም ቢመረጥ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ እንጨት ከተገጠመ በኋላ ይሸሻል፣ ሰደፉም ይላላል። የእንጨቱ ክር በአንገቱ ርዝመት መሄድ ይኖርበታል፤ አግድም ካቋረጠው ስብራቱ ከወዲሁ ተሰናድቷል ማለት ነው።

ለማስማማት ብረቱ ላይ ስስ ጥላሸት ይቀባና ከእንጨቱ ጋር ይጋጠማል። ጥቁር ምልክት የታተመበት ቦታ ብቻ በመሮ ይፋቃል፤ ግጥሚያው እኩል እስኪሆን ድረስ ይደጋገማል። ብረቱ በአንድ ነጥብ ብቻ ከተደገፈ ያ ነጥብ እንደ ሽብልቅ ሆኖ እንጨቱን ይፈለቅቃል። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ የተልባ ዘይትም በስሱ፣ በየተራ እየደረቀ ይቀባል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ የሚነሣው ሰደፍ ምን ይነግረናል? ርጥብ ሳለ ተሰፍቶ ሲደርቅ ስንጥቁን ጨምቆ የሚይዝ ጥሬ ቆዳ፣ የናስ ምስማር፣ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ቁራጭ፤ እነዚህ ሁሉ የጥገናን፣ የእጥረትንና የብልሃትን ታሪክ ይመዘግባሉ። ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ የትርፍ መሣሪያ ገበያ ተሽጠዋል። ፋብሪካ የሠራውን የሚመስል ሰደፍ የሚገጥምላቸው ሰብሳቢ መሣሪያውን ወደ ጥንተ መልኩ የመለሰ ይመስለዋል፤ በእኛ አገር የኖረበትን ዘመን ግን ይፍቅበታል።

ስለዚህ ለመስክ ጥናት የምትወጡ ተማሪዎች፣ ሰደፉ ከመነቀሉ በፊት ፎቶግራፍ አንሡ፤ ለኩ፤ የእንጨቱን ዓይነት፣ ስፌቱንና ምስማሩን መዝግቡ፤ ማን እንደጠገነው ባለቤቱን ጠይቁ። አሮጌው ሰደፍ ወደ ምድጃ እንዳይገባም ለምኑ። መሣሪያን የሚመለከት ማንኛውም ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር መሆኑንም አትዘንጉ።