ትራንስፈር ኬዝ ሲቀየር የፍጥነት መለኪያው ምን ይሆናል?

መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ ከመኪናው ሥር ወጥቷል። ሌላ ትራንስፈር ኬዝ ተገጥሟል፣ ዘይቱ ተሞልቷል፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች ኃይል ማግኘታቸው ተፈትሿል። መኪናው አስፋልት ላይ ወጥቶ መሮጥ ሲጀምር ግን የፍጥነት መለኪያው ጠቋሚ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ወይም መኪናው በሰዓት 60 ማይል እየሄደ ጠቋሚው 66 ይላል። አሮጌ ጂፕና ፒክአፕ እየፈቱ በሚገጣጥሙ አሜሪካውያን ጋራዦች ውስጥ ይህ የዘወትር ገጠመኝ ነው።

ትራንስፈር ኬዝ ከካምቢዮው ቀጥሎ የሚገኝ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል የማርሽ ሳጥን ነው። በብዙ መኪኖች የፍጥነት መለኪያው መረጃውን የሚቀዳው ከዚሁ ሳጥን ጭራ፣ ወደ ኋላ ጎማዎች ከሚሄደው ዘንግ ነው። ሳጥኑ ተነቅሎ ሌላ ሲተካ መለኪያውም አብሮ ምንጩን ይቀይራል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መሣሪያ ስለ ጎማውም ሆነ ስለ መንገዱ ምንም አያውቅም፤ የሚደርሰው የዙር ቁጥር ብቻ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦቶ ሹልዘ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብቱን ባስመዘገበበት ዘዴ፣ ከዘንጉ የሚመጣ ተጣጣፊ ገመድ ማግኔት ያሽከረክራል። ከማግኔቱ አጠገብ፣ ሳይነካው፣ ከብረታ ብረት የተሠራ ስስ ጽዋ አለ። የሚዞረው ማግኔት በጽዋው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሳል፤ ጅረቱም የራሱን መግነጢሳዊ መስክ ስለሚፈጥር ጽዋው ማግኔቱን ተከትሎ ለመዞር ይጎተታል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥምዝ ሞላ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሁለቱ ኃይሎች እኩል በሆኑበት ቦታ ጠቋሚው ይቆማል። ንክኪ የሌለበት ይህ ጉተታ እጅግ የሚያምር ብልሃት ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ማገልገሉም አያስገርምም።

በአሜሪካ ልማድ ገመዱ በአንድ ማይል 1,000 ጊዜ ይዞራል፤ በኪሎ ሜትር ሲሰላ 621 ገደማ ማለት ነው። የጃፓን መለኪያ ደግሞ በኪሎ ሜትር 637 ዙር ይጠብቃል። እንግዲህ የጃፓን መለኪያ በአሜሪካ ልክ ከተዘጋጀ ሳጥን ጋር ቢገናኝ፣ መኪናው በ100 ሲሄድ 97.5 ገደማ ያሳያል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አቅጣጫው ክፉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ከፍ አድርጎ ማሳየትን ግን በመጠኑ ይፈቅዳል።

በቀድሞዎቹ ጂፕ ራንግለሮች ላይ ይገጠም የነበረውን ኤንፒ231 የተባለውን ትራንስፈር ኬዝ እንይ። ዘንጉ ላይ ካለው ማርሽ ጋር የምትነካካ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ አለች። የጥርሶቿ ብዛት የሚመረጠው በጎማው ዲያሜትርና በዲፈረንሻሉ ሬሾ ነው። ከሌላ መኪና የተነቀለ ሳጥን ሲመጣ የዚያን መኪና ማርሽ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የድሮውን ማርሽ ከድሮው ሳጥን አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር። ጎማውም አብሮ ከተቀየረ ግን ስሌት ያስፈልጋል። ማርሿ 30 ጥርስ ኖሯት ጠቋሚው 66 ሲል ጂፒኤሱ 60 ካለ፣ 30 በ66 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 33 ይመጣል። ጥርሱ በበዛ ቁጥር ማርሿ በዝግታ ትዞራለች፣ ጠቋሚውም ይወርዳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ማርሿን የሚይዘው ክብ ማቀፊያ ቀዳዳው ከመሐሉ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ጠርዙ ላይ 26-31፣ 32-38፣ 39-45 የሚሉ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ባለ 33 ጥርሷ ማርሽ ከባለ 30ዋ ስለምትሰፋ ከዘንጉ ራቅ ማለት አለባት፤ ማቀፊያው ዞሮ 32-38 የሚለው ወደ ታች መምጣት ይኖርበታል። ይህ ከተዘነጋ የፕላስቲኩ ጥርሶች በደንብ አይገጥሙም፤ ተፋፍቀው ያልቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1992 በራንግለር ላይ ገመዱ ቀርቶ ሴንሰር ተተካ፤ ይህ ሴንሰር ለእያንዳንዱ የማርሿ ዙር 8 ምልክት፣ በማይል 8,000 ምልክት ይልካል። በብዙ የሸቭሮሌ ፒክአፖች ደግሞ ሴንሰሩ የሚያነበው ዘንጉ ላይ ያለውን ባለ 40 ጥርስ ቀለበት ነው። ያለ ቀለበቱ የተሠራ አሮጌ ሳጥን ከተገጠመ ቀለበት መግጠም ወይም ምልክቱን የሚለውጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ማስገባት ግድ ይሆናል። ጉዳዩ ከጠቋሚው ያልፋል፦ የተጓዘው ርቀት ይሳሳታል፣ ክሩዝ ኮንትሮልም ሊያቆም ይችላል።

አንዳንዱ ባለሙያ ሴንሰሩን ካምቢዮው ላይ፣ ከትራንስፈር ኬዙ በፊት ያደርገዋል። በተለመደው መንገድ ላይ ምንም አይታወቅም፣ ምክንያቱም ሳጥኑ ዙሩን ሳይቀንስ አንድ ለአንድ ያሳልፋል። በትራንስፈር ኬዙ ከባድ ማርሽ ግን ኤንፒ231 ዙሩን በ2.72 እጥፍ ይቀንሳል፤ መኪናው በ10 ሲድህ ጠቋሚው 27 ይላል። ይህን ለማወቅ ባዶ ሜዳ ላይ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ፣ በእግረኛ እርምጃ እየነዱ የጂፒኤሱን ቁጥር ከዳሽቦርዱ ጋር ማስተያየት ይበቃል።