የትርፍ ድርሻ ከየትኛው ትርፍ?

የአሜሪካው ምግብ አምራች ክራፍት ሃይንዝ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ባለአክሲዮኖቹን ያስደነገጠ መግለጫ አወጣ። ክራፍትና ኦስካር ማየር የተባሉትን የንግድ ምልክቶች ጨምሮ በመዝገቡ የያዛቸውን ሀብቶች ዋጋ በ15.4 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ አደረገ። በየሩብ ዓመቱ ለአንድ አክሲዮን ይከፍለው የነበረውን የ62.5 ሳንቲም የትርፍ ድርሻም ወደ 40 ሳንቲም ቀነሰው። በማግስቱ የአክሲዮኑ ዋጋ ከሩብ በላይ ወደቀ።

ይህን ቀድሞ ማየት ይቻል ነበር? መልሱ የሚወሰነው የትኛውን ትርፍ በማንበባችን ነው። በሒሳብ ደንቡ መሠረት የሚወጣው የተጣራ ትርፍ ብዙ ነገር ያካትታል፤ የሽያጩን ውጤት፣ የግብር ሕግ ለውጥን፣ የሀብት ዋጋ ቅነሳን፣ ገና ያልተሸጠ ንብረት የዋጋ ለውጥን ጭምር። ኩባንያዎች ከዚህ ውስጥ «ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ ነው» ያሉትን አውጥተው ሌላ ቁጥር ያቀርባሉ፤ የሥራ ትርፍ ወይም የተስተካከለ ትርፍ ይሉታል። በክራፍት ሃይንዝ የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነበር። በ2017 የአሜሪካ የግብር ቅነሳ የተጣራ ትርፉን በአክሲዮን ወደ 9 ዶላር አወጣው፤ በ2018 ደግሞ ያው የዋጋ ቅነሳ ከ8 ዶላር በላይ ኪሳራ ውስጥ ከተተው። የተስተካከለው ትርፍ ግን በሁለቱም ዓመታት 3.5 ዶላር አካባቢ ነበር። የሰዎች የኬቻፕና የአይብ ፍጆታ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አይገለባበጥምና፣ የኩባንያውን ዕለታዊ ንግድ የሚመስለው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

የኩባንያው ትልቅ ባለድርሻ የሆነው የባለሀብቱ የዋረን ባፌት በርክሻየር ሃታዌይም ባለአክሲዮኖቹ የሥራ ትርፉን እንዲያዩ የሚመክረው ለዚህ ነው። በ2018 የበርክሻየር የተጣራ ትርፍ 4 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን የሥራ ትርፉ 24.8 ቢሊዮን ነበር። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው አዲስ ደንብ ያልተሸጡ አክሲዮኖች የዋጋ ለውጥ ወደ ትርፍና ኪሳራ እንዲገባ በማስገደዱ ነው።

እንግዲህ የተስተካከለውን ትርፍ ይዘን ክራፍት ሃይንዝን ብንመዝነው፣ በዓመት 2.50 ዶላር የትርፍ ድርሻ ከ3.5 ዶላር ትርፍ 70 በመቶ ገደማ ነው። ከባድ ቢሆንም የሚቻል ይመስላል። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ2018 ከሥራው የገባው ገንዘብ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ለፋብሪካና ለመሣሪያ 0.8 ቢሊዮን ያህል ወጣ። ቀሪው 1.8 ቢሊዮን ነው፤ ለባለአክሲዮኖች የተከፈለው ደግሞ 3 ቢሊዮን ገደማ። በዚያ ላይ ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕዳ ነበረበት። የትርፍ ድርሻው የተቀነሰው ከዚህ የተነሣ እንጂ በ15.4 ቢሊዮኑ ምክንያት አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ በዋጋ ቅነሳው ዕለት አንድም ዶላር ከካዝና አልወጣምና። ቆይቶ ሌላም ጉዳይ ተገለጠ። የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ፣ ኩባንያው ከአቅራቢዎች ገና ያላገኘውን ቅናሽ እንዳገኘ አድርጎ በመመዝገብ ወጪውን አሳንሷል ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያው በ2021 62 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህ አሠራር ያሳበጠው ያንኑ ብዙዎች የተማመኑበትን የተስተካከለ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ኩባንያው ከሒሳቡ ምን አወጣ፣ ስንት ጊዜስ አወጣ የሚለው ነው። በየዓመቱ «የመልሶ ማደራጃ ወጪ» እያለ ሠራተኛ የሚያሰናብት ኩባንያ ያን ወጪ ልዩ ነው ማለት አይችልም፤ የሥራው ጠባይ ሆኗል። ለሠራተኛ በአክሲዮን የሚከፈል ደመወዝም ደመወዝ ነው፤ ባፌትም ይህን ከወጪ ማስወጣትን አጥብቆ ይነቅፋል። የዋጋ ቅነሳ ጥሬ ገንዘብ ባይወስድ እንኳ፣ ገንዘቡ ቀደም ሲል በውድ ግዢ እንደወጣ ያሳብቃል።

በተቃራኒው የመድኃኒት አምራቹን አቢቪን እንመልከት። በ2023 የተጣራ ትርፉ በአክሲዮን 2.72 ዶላር ሲሆን የከፈለው የትርፍ ድርሻ 6 ዶላር ገደማ ነበር። ትርፉን ብቻ ያየ ሰው አክሲዮኑን ሸጦ በወጣ ነበር። ይሁንና ከሥራው ከ22 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ገብቶ ለባለአክሲዮኖች የሄደው 10.5 ቢሊዮን ያህል ነው። ትርፉን ያሳነሰው በዋናነት እንደ አለርጋን ካሉ ግዢዎች የመጡ የመድኃኒት መብቶች በየዓመቱ ከመዝገብ የሚቀነሱበት ወጪ ነው። ይህም ቢሆን ባዶ ቁጥር አይደለም፤ የመድኃኒት መብት ጊዜው ያበቃል፣ ሌላ መግዛት ወይም መፈልሰፍ ግድ ይላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባለአክሲዮንም ቅርብ ነው። የብር ምንዛሪ ዋጋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ ምንዛሪ ዕዳው የበለጠ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የያዘ ባንክ ብር ሲዳከም ያለ አንዳች ተጨማሪ ብድርና አገልግሎት ትልቅ የምንዛሪ ትርፍ ይመዘግባል። ያ ትርፍ በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል ማለት አይቻልም፤ በከፊልም በእጅ ያልገባ ነው። የባንክ አክሲዮን የያዘ ሰው በጉባኤው ላይ የትርፍ ድርሻውን መቶኛ ከመስማቱ በፊት ስንቱ ከወለድና ከአገልግሎት፣ ስንቱ ከምንዛሪ ልዩነት እንደመጣ ቢጠይቅ ይገባዋል። ቁጥሮቹ ብዙውን ጊዜ ከሒሳብ መግለጫው ጋር በሚታተሙት ማስታወሻዎች ውስጥ ይገኛሉ።