ደጋ ላይ የሚያስቸግር ሚኒሞ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ አሮጌ ሞተር ሳይክል እዚህ ሲደርስ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው ሲዞር፣ ይንገዳገዳል፣ ካንዴላውም ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ብዙዎች ወዲያው የሚኒሞውን ብሎን ያጠብቃሉ። ይህ ግን ሕመሙን መሸፈን ብቻ ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ከአቧራ ይጽዳ፤ ቀጥሎ ሞተሩ በደንብ ሞቆ የአየርና የቤንዚን ቅልቅል ብሎን ሩብ ሩብ ዙር እየተዞረ ይሞከር። ብሎኑ በማጣሪያው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየር ነውና ይላላል፤ በሞተሩ በኩል ከሆነ ቤንዚን ነውና ይጠብቃል። ሚኒሞው ከፍ ብሎ አልወርድ ካለ ደግሞ የካርቡሬተሩ ማያያዣ ጎማ ተሰንጥቆ እንደሆነ መፈተሽ ነው። ወደ ወረታ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ወዳለው የፎገራ ሜዳ ወርዶ የሚከርም ሰው የቅልቅሉን ብሎን መልሶ ማስተካከል ይኖርበታል።